የጓሮ ዛፍ ዋጋው ዓመታቱ ነው
(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



የዛሬው ዝግጅታችን ወደ ጓሮ ይወስደናል። በከሚሴ ከተማና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች፣ በደዋ ጨፋም ይሁን በባቲ፣ በአርጡማ ፉርሲም ይሁን በጅሌ ጥሙጋ፣ አንድ ቤተሰብ በቤቱ ዙሪያ ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ የትኛውን የፍራፍሬ ዛፍ ቢተክል ይበጀዋል? ከተከለስ በኋላ እንዴት ያሳድገዋል? አንድ ሙስሊም የተከለውን ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ለተካዩ ሶደቃ ሆኖ እንደሚታሰብለት ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈውን ሐዲሥ ያልሰማ የለም። ስለ ምንዳው በየመስጊዱና በየመድረሳው ብዙ ተነግሯልና እኔ አልደግመውም። ነገር ግን ወፉም ሰውም እንዲበላለት ዛፉ መጽደቅ አለበት። ከጸደቀም በኋላ ማፍራት አለበት። ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው ይህኛው ክፍል ነው።

በየቤቱ የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ። «ማንጎ በልተን ፍሬውን ቀበርነው፤ በቀለ፤ ሰባት ዓመት ጠበቅነው፤ ዛፉ ቤቱን አልፎ ሄደ፤ የሚሰጠን ግን ጭረት ብቻ የሆነ ትንንሽ ፍሬ ነው» ይባላል። ሌላው ደግሞ «ቅጠል እንጂ ፍሬ አይቼበት አላውቅም» ይላል። እነዚህ ቤተሰቦች የከሰሩት የችግኝ ዋጋ አይደለም። ችግኝ በጥቂት ብር ይገዛል፤ እንዲያውም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር የፍራፍሬ ችግኝ ጭምር ለነዋሪው ሲታደል ቆይቷል። የከሰሩት ሰባቱን ዓመት ነው፤ ሰባት በጋ በጀሪካን የተቀዳውን ውኃ ነው፤ ሌላ ነገር ሊበቅልበት ይችል የነበረውንም ቦታ ነው። በቆሎ ቢበላሽ በሚቀጥለው ክረምት ይካሳል። የዛፍ ምርጫ ስሕተቱ የሚታወቀው ግን ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ የዛፍ ሥራ ትልቁ ክፍል ያለው ከመትከል በፊት ነው።

በቅድሚያ ያለንበትን መሬት እንወቅ። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወደ ምዕራብ ዳገቱን በተወጣ ቁጥር አገሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ ወደ አፋር በኩል በተወረደ ቁጥር ደግሞ እየሞቀና እየደረቀ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በአንድ ዞን ውስጥ ሆነን ለአንዱ ቀበሌ የሚስማማው ዛፍ ለሌላው ላይስማማ ይችላል። ዝናቡም ሁለት ዓይነት ነው። በልጉ ይመጣል ሲሉት የሚቀር፣ ይቀራል ሲሉት የሚመጣ ነው። የሚታመነው የክረምቱ ዝናብ ሲሆን እርሱም መስከረም ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ደረቅ ወራት ችግኙ የሚያልፈው በእኛ እጅ ነው።

አፈሩንም ማየት ያስፈልጋል። የጨፋን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ጥቁሩ አፈር በክረምት ውኃ ቋጥሮ እንደሚተኛ፣ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ እንደሚያወጣ ያውቃል። ዳገት ላይ ያለው ጓሮ ደግሞ ድንጋያማ ነውና ውኃው ወዲያው ይሰርጋል። የእናንተ ጓሮ ከየትኛው እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያሻም። ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በውኃ ሙሉት። በማግሥቱ ውኃው እዚያው ካለ፣ ፓፓያና አቮካዶ በዚያ ቦታ በደልዳላው ላይ አይተከሉም፤ ሥራቸው ይበሰብሳል። ፓፓያማ ውኃ ሁለት ቀን ከተኛበት አበቃለት ማለት ነው። እንዲህ ባለው ቦታ አፈሩን ከፍ አድርጎ ክምር ሠርቶ በክምሩ ላይ መትከል ይቻላል። ዙሪያውንም ውኃው የሚሄድበት ቦይ ማውጣት ነው።

አሁን ወደ ዛፎቹ እንምጣ። ለከሚሴ ሙቀት የመጀመሪያው ማንጎ ነው፤ በዚህ ብዙ ሰው ይስማማል። ጥያቄው የትኛው ማንጎ የሚለው ነው። ከፍሬ የበቀለ ማንጎ ለማፍራት ስድስትና ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ጠባዩም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለ ችግኝ የሚባለው ግን፣ ፍሬው ከታወቀ ዛፍ የተወሰደ ለጋ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ተያይዞ የበቀለ ነው። ይህ በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል፤ ፍሬውም ቅርንጫፉ የተወሰደበትን ዛፍ ይመስላል። አፕል ማንጎ፣ ኬንት፣ ኬት፣ ቶሚ አትኪንስ የሚባሉት ዝርያዎች በአገራችን በዚህ መንገድ የሚባዙ ናቸው። ከገበያ የተገዛውን ኬንት በልቶ ፍሬውን የሚተክል ሰው ኬንት አያገኝም። ይህን አንድ ነጥብ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የዛሬው ዝግጅት ለእኔ በቂ ነው።

ችግኝ ስትገዙ ከግንዱ በታችኛው ክፍል የተዳቀለበትን ጠባሳ ፈልጉ። ጠባሳው በደንብ ተጋጥሞ የዳነ መሆን አለበት። ከጠባሳው በታች የሚወጣ ለጋ ቅርንጫፍ ሁሉ ያለርኅራኄ ይቆረጥ፤ እርሱ የታችኛው ዛፍ ነው፤ ከተተወ የላይኛውን አሸንፎ ያስቀረዋል። ረጅሙን ችግኝ መምረጥም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ብዙ የቆየ ረጅም ችግኝ ሥሩ ተጠማዝዞ ስለሚገኝ ከአጭሩና ከጠንካራው ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መናገር አለብን። በወሎ ብዙ ጓሮ ውስጥ ውኃውንም ጥሩውንም ቦታ የያዘው ጫት ነው። አባወራው ለምን ጫት እንደሚተክል ስንጠይቀው መልሱ ግልጽ ነው፤ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ወዲያው ብር ይሆናል፤ ማንጎው ግን አራት ዓመት ይጠብቃል። ይህን ችግር በወቀሳ ብቻ ማለፍ አይቻልም። የሚጠብቀውን ዛፍ ከማይጠብቀው ጋር አብሮ መትከል ግን ይቻላል። ፓፓያ ከተተከለ በአንድ ዓመት ውስጥ ያፈራል። ዘይቱን በሁለትና በሦስት ዓመት ይደርሳል፤ ድርቅንም ይችላል። ማንጎው እስኪያድግ በመካከሉ ያለው ቦታ ባዶ ነውና ፓፓያው እዚያ ይተከል። ፓፓያ ጥሩ የሚያፈራው ሦስት አራት ዓመት ነው፤ እርሱ ሲደክም ማንጎው ቦታውን ይረከባል። ሙዝም የገላ መታጠቢያው ውኃ በሚፈስበት ጥግ ይሆናል፤ ውኃ ይወዳል፣ ሌላ ብዙ አይጠይቅም።

ስለ ፓፓያ ብዙ እናቶች የሚጠይቁት «ለምን አበባ ብቻ ያወጣል?» የሚለውን ነው። ፓፓያ ወንድና ሴት አለው። ወንዱ አበባውን በረጅም ዘንግ ላይ ያንጠለጥላል፤ የሴቷ አበባ ግን ትልቅ ሆኖ ከግንዱ ጋር ይጣበቃል። ችግኙ ትንሽ ሳለ መለየት ስለማይቻል በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ተክሎ፣ አበባ ሲያሳዩ ሴቷን አስቀርቶ ሌሎቹን መንቀል ነው። ለአሥር ሴት አንድ ወንድ ይበቃል፤ በከተማ ከሆነ የጎረቤት ወንድ ፓፓያም ያገለግላል።

ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚ በአካባቢው ይበቅላሉ። ሆኖም ብርቱካን ለመትከል የሚያስብ ሰው ሁለት ጊዜ ያስብ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የታየው፣ መጀመሪያ በአንጎላ የተገኘው የቅጠልና የፍሬ ነጠብጣብ በሽታ በብዙ ቦታ የብርቱካን ተክልን ጎድቷል። በቅጠሉና በፍሬው ላይ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ክብ ጠባሳ ያወጣል፤ ፍሬውም ይረግፋል። በሽታው በእርጥበት ስለሚስፋፋና በችግኝ ከቦታ ቦታ ስለሚጓዝ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የብርቱካን ችግኝ በመኪና ጭኖ ከሚዞር ነጋዴ መግዛት ለራስም ለጎረቤትም ጥሩ አይደለም። ለአንድ ቤት አንድ ሎሚ ግን ብዙ ነው፤ ለወጡም፣ ለጉንፋኑም፣ ለእንግዳውም ይደርሳል።

አቮካዶ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሁሉም አፍ ላይ ነው። ገበያው ጥሩ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሃስ የሚባለው ዝርያ ከ1,500 ሜትር በላይ ያለውን ለስለስ ያለ አየር ይመርጣል። በምዕራብ በኩል በዳገቱ ላይ ላሉ ቀበሌዎች ይሆናል። በሸለቆው ለሚኖር ግን፣ ያውም በጥቁር አፈር ላይ፣ ከማንጎ አስቀድሞ አቮካዶ መትከልን እኔ አልመክርም።

ስለ ተምርም እንነጋገር፤ ረመዳን ሲወጣ በየጓሮው የተምር ፍሬ ያልቀበረ ልጅ የለምና። ፍሬው ይበቅላል፤ ቅጠሉም ያምራል። ነገር ግን ከፍሬ ከሚበቅለው ተምር ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናል፤ ይህም የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ተምር በሚተከልባቸው አገሮች የሚተከለው ከእናቲቱ ግንድ ሥር የሚወጣው ቡቃያ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ተምር ፍሬው በሚበስልበት ጊዜ ደረቅ ሙቀት ይፈልጋል፤ ዝናብ ካገኘው ይቦካል። በአፋር በአውሳ በኩል የሚሆነው ለዚህ ነው። በከሚሴ ለጥላና ለትዝታ ካልሆነ ለፍሬ አይታመንም። በምትኩ ሮማን ትከሉ። ሮማን ሙቀትና ድርቀት ይችላል፣ ቦታ አይፈጅም፣ ለባቲ በኩል ላሉ ቤቶች ይስማማል። ጊሽጣም እንዲሁ ሙቀት ይወዳል፤ ልጆች የሚወዱት፣ ገበያ ላይ ግን ቶሎ የሚበላሽ ፍሬ ስለሆነ የቤት ዛፍ ነው።

ምን ይተከል የሚለውን በብዙ ቤት የሚወስነው አባት ነው። ውኃውን የምትቀዳውና የምታጠጣው ግን እናት ናት፤ እርሷ ከሌለች ልጆች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ባልና ሚስት ተቀምጠው ይመካከሩ። «በበጋ በሳምንት ስንት ጀሪካን መድረስ ትችያለሽ?» ብሎ ሳይጠይቅ አሥር ችግኝ ይዞ የሚገባ አባወራ ዘጠኙን ለፀሐይ አሳልፎ ሰጥቷል። አሥር የደረቁ ችግኞች አንዲት የጸደቀች ማንጎ አያክሉም።

አሁን ስለ መትከሉ። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ከባርነት ነፃ ለመውጣት ለጌታው 300 ተምር እንዲተክልና 40 ኡቂያ ወርቅ እንዲከፍል ተዋውሎ ነበር። ሰሓቦች ችግኙን አዋጡለት፤ አንዱ ሠላሳ፣ አንዱ ሃያ፣ ሌላው አሥር፣ እያንዳንዱ ባለው ልክ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሰልማንን በቅድሚያ ሄዶ ጉድጓዶቹን እንዲቆፍር አዘዙት፤ ቆፍሮ ሲጨርስ መጥተው በተባረከ እጃቸው ተከሉለት። እዚህ ውስጥ ለእኛ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው መዋጮው ነው። የተዳቀለ ችግኝ ከሩቅ ማምጣት ለአንድ ቤት ከባድ ቢሆንም፣ የአንድ መስጊድ ጀማዓ ወይም የአንድ ሰፈር እድር ተሰብስቦ ከታወቀ ችግኝ ጣቢያ በአንድ መኪና ሊያስመጣ ይችላል። በሐብሩ ወረዳ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለምሥራቅ አማራ የሚሠራ ስለሆነ፣ የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ይዛችሁ የትኛው ዝርያ ለየትኛው ቀበሌ እንደሚሻል ብትጠይቁ መልስ ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው፣ ጉድጓዱ ከችግኙ ይቀድማል። በእኛ ዘንድ የተለመደው ችግኙ በእጅ ከገባ በኋላ በችኮላ በዶማ ጫፍ መጫር ነው። ጉድጓዱ በግንቦት፣ ዝናቡ ከመግባቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆፈር። የላይኛው ጥቁር አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛው በሌላ በኩል ይቀመጥ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲረጋ የላይኛው አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ መጀመሪያ ይግባ። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ሥሩን ያቃጥላል። ፕላስቲኩ መቀደድ አለበት፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ስንት እንደሆነ አላህ ይወቀው። የተዳቀለበት ጠባሳ ከአፈር በላይ ይቅር፤ በተለይ ብርቱካንና ሎሚ ግንዳቸው በአፈርና በእርጥበት ከተሸፈነ ሙጫ እያነቡ ይደርቃሉ። ማንጎ ከማንጎ ስምንት ሜትር ይራቅ። ጓሮው ጠባብ ከሆነ አንድ ብቻ ትከሉና ገና ወገብ ሲደርስ ጫፉን ቁረጡት፤ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ልጅም በመሰላል ሳይወጣ ይለቅመዋል።

ከዚያ በኋላ የዛፉን ዕድሜ የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ናቸው። ለአንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ጀሪካን፣ ቀስ ተብሎ ሲፈስ፣ ያቆየዋል። ውኃ ከየት ይመጣል ለሚል፣ የውዱእን ውኃ አስቡት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውኃ፣ ይህም በእኛ መለኪያ ሦስት ሩብ ሊትር ገደማ በሆነ፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተላልፏል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በዚህ ቁጠባ እንኳ አምስት ጊዜ ውዱእ ቢያደርግ በቀን 19 ሊትር ያህል ይሆናል፤ አንድ ጀሪካን ማለት ነው። ውዱእ የሚደረግበትን ድንጋይ ከችግኙ በላይ በኩል አስቀምጦ ትንሽ ቦይ ማውጣት ብቻ ነው የሚጠይቀው። በዚህ ዓይነት ሦስት ችግኝ ሳይቸገር በጋውን ይወጣል። ኦሞና በረኪና ያለበት የልብስ እጣቢ ግን ለችግኝ አይሆንም። ራቅ ያለ ችግኝ ካለ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስቶ ከሥሩ አጠገብ በግንባሩ መትከል ወይም ያልተወለወለ የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ቀብሮ ውኃ መሙላት ጥሩ ዘዴ ነው። ሣር ወይም የማሽላ አገዳ በዙሪያው መጎዝጎዝም እርጥበቱን ያቆያል፤ ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ራቅ ይበል፤ ምስጥ በዚያ በኩል ይገባልና።

የችግኝ ዋነኛ ጠላት ግን በሽታም ፀሐይም አይደለም፣ ፍየል ነው። ስለዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ እሾህ አጥሩ።

ከበሽታና ከተባይ አንዱን ብቻ ላንሣ። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል። በቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ይታያል፤ ፍሬው ላይም ቀላ ያለ ጠባሳ ይተዋል፤ ገዢውም ይሸሸዋል። ያየ ሰው ቅርንጫፉን አሳስቶ ይቁረጥ፤ ብርሃንና አየር ይግባበት፤ የተቆረጠውን ያቃጥል። ከዚያ ዛፍ ችግኝም ቅርንጫፍም ለዘመድ አይላክ። በረገፈ ፍሬ ውስጥ ለሚፈላው የፍራፍሬ ዝንብም እንዲሁ፣ የወደቀውን በየቀኑ ለቅሞ ጠለቅ አድርጎ መቅበር ይበቃል። መድኃኒት ከመርጨት በፊት ባለሙያ ይጠየቅ፤ ጓሮ ውስጥ ልጅ ይጫወታል፣ ዶሮም ይለቅማል።

በመጨረሻ የጎረቤት ነገር አለ። ችግኝ ሲተከል ትንሽ ናትና አጥሩ ሥር ትቀመጣለች። በአሥር ዓመቷ ግን ቅርንጫፏ የጎረቤትን ቆርቆሮ ይመታል፣ ቅጠሏ የጎረቤትን አሸንዳ ይደፍናል። ቅርንጫፉ ወደ ጎረቤት ግቢ ካለፈ ጎረቤቱ እንዲመለስለት ወይም እንዲቆረጥለት የመጠየቅ መብት እንዳለው የፊቅህ ሊቃውንት ጽፈዋል። ከዚያ ደረጃ ሳይደረስ ዛፉን ከአጥሩ ቢያንስ አራት ሜትር ማራቅ ይሻላል። አጥሩን አልፎ የወደቀውን ፍሬ የጎረቤት ልጅ ቢያነሣው የሚጣላ ሰው ካለ፣ የዝግጅታችንን መጀመሪያ አልሰማም ማለት ነው። ወላሁ አዕለም።

ጉድጓዱን በግንቦት አትርሱ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።